ከተማ ሥዕል አይደለም፤ እህትህም ቀለም አይደለችም



ጽሑፉ ረዘም ይላል። እስከ መጨረሻው ሳታነቡ ኮሜንት አትስጡ። ግማሹ ደስ ይላችኋል፣ ግማሹ ሊያስከፋችሁ ይችላል። ደስ ያላችሁን ብቻ ቆርጣችሁ ሼር ካደረጋችሁት ግን የጽሑፉ ሐሳብ አልገባችሁም ማለት ነው።

ጥያቄው አንድ ነው፦ አንዲት ሙስሊም ልጅ በቆቦ ጎዳና ስትሄድ ምን ለብሳ እንደምትሄድ የሚወስነው ማን ነው?

ኒቃብ ለብሳ ከወጣች አንዱ ይመጣና "ይሄ የዐረብ ልብስ ነው፤ የራያ ሙስሊም እንዲህ አያውቅም፤ አያትሽ ሻሽ አስራ ነው የኖረችው" ይላታል። ሻሽ አስራ ከወጣች ደግሞ ሌላው ይመጣና "ይሄ ሒጃብ ነው? አታፍሪም?" ይላታል። የመጀመሪያው ወሎን እወዳለሁ ባይ ነው። ሁለተኛው ዲኔን እወዳለሁ ባይ ነው። ሁለቱም እርስ በርሳቸው ይጠላላሉ። ልጅቱ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ናቸው። ሁለቱም በጭንቅላታቸው የሳሉት ከተማ አላቸው፤ ልጅቱ ያንን ሥዕል አበላሸችባቸው። ምን አስባ እንደለበሰች፣ ምን እንደምትማር፣ ቤቷ ምን እንዳለ የጠየቃት የለም።

እኔ የምለው ይሄ ነው። ከሁለቱ አንዱን እየተቃወምን ሌላውን ዝም ካልን የነፃነት ጥያቄ የለንም፤ ያለን የተራ ጥያቄ ነው። "ዛሬ እነሱ አዘዙ፣ ነገ እኛ እናዝዛለን" ማለት ነው።

▪️ አክሱም ላይ ምን ብለን ነበር?

ከቆቦ ተነስቶ አላማጣን፣ መቀሌን አልፎ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው አክሱም ይደርሳል። ውብ ከተማ ናት፤ ሐውልቶቿን ዓለም ያውቃቸዋል፣ ዩኔስኮም በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ትርጉሟ ድርብ ነው። መካ ላይ መከራ የበዛባቸው ሶሐቦች በዲናቸው ሰበብ ተሰደው የተጠለሉት በአክሱሙ ንጉሥ በነጃሺ ግዛት ነው። በኢስላም ታሪክ የመጀመሪያው ሒጅራ ወደዚህች አገር ነበር።

በዚህችው ከተማ ለ2017 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ሲደረግ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎችን ከለከሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት እንዳሳወቀው 159 ሴት ተማሪዎች ከምዝገባው ውጭ ሆኑ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ክልከላውን በጊዜያዊነት አገደ። ጥር 13 ቀን 2017 መቀሌ ላይ ሰልፍ ወጣ። ሰልፈኞቹ የጠየቁት ልዩ ጥቅም አልነበረም። ልጆቹ ይማሩ፣ ይፈተኑ ነበር ያሉት።

አስቡት እስቲ፦ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረች ልጅ የመጨረሻው በር ላይ ስትደርስ በራሷ ላይ ባለ ጨርቅ ምክንያት "ተመለሺ" ትባላለች። ጥፋቷ ምን ነበር? አልሰረቀች፣ አልተሳደበች፣ ክፍል አላወከች።

ለክልከላው የሚሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ ለጆሮ ያምራል። "የትምህርት ቤት ደንብ ነው" ይባላል። መስጊድ ሲጠየቅ ደግሞ "ከተማዋ ቅድስት ናት" ይባላል። የአክሱም ሙስሊም በከተማዋ ውስጥ መስጊድ እንዳይሠራ ተከልክሎ በየቤቱ እየሰገደ እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። ደንብም ቅድስናም የተከበሩ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ከተማዋን እንደ ሥዕል በግድግዳ ላይ ለማቆየት ሲባል በውስጧ የሚኖረውን ሰው መፋቅ ክብር አይባልም።

ያኔ ሁላችንም አንድ ክርክር ይዘን ተነሳን። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ጠቀስን። ማንም ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝ ነፃነቱን በኃይል ወይም በሌላ ሁኔታ በማስገደድ ሊገደብበት እንደማይገባ በንዑስ አንቀጽ 3 ተደንግጓል አልን። እምነትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ እንደሆነ፣ ያም የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላምን፣ ጤናን፣ ትምህርትን፣ የሕዝብን ሞራልና የሌሎችን መብት ለመጠበቅ እንደሆነ በንዑስ አንቀጽ 5 ሰፍሯል አልን። "ልጅቱ በራሷ ምርጫ ለበሰች፤ ማንንም አልጎዳችም፤ አትንኳት" አልን።

ትክክለኛ ክርክር ነው። ዛሬም እቆምበታለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ይህ ክርክር የሚቆመው "በራሷ ምርጫ" በሚለው ቃል ላይ ነው። ያንን ቃል ካወጣችሁት ክርክሩ ይፈርሳል።

▪️ የባሕር ዳርቻዎቹ ውብ ከተሞች

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ ፈረንሳይን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ክረምታችን፣ ለእነሱ በጋ በሆነው ጊዜ፣ በደቡብ የባሕር ዳርቻ ያሉ ከተሞች ሙስሊም ሴቶች ሰውነታቸውን ሸፍነው የሚዋኙበትን ልብስ ከለከሉ። የፊልም ፌስቲቫሏ ካን አንዷ ነበረች። 30 ያህል ከተሞች ተከትለዋል። ኒስ ላይ አሰቃቂ ጥቃት ደርሶ ስለነበር ሕዝቡ ደንግጦ ነበር፤ ይህ ይታወቃል። ነገር ግን ለገዳይ ወንጀል የምትዋኝ እናት ተቀጣች። ነሐሴ 26 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ቪልነቭ ሉቤ የተባለችውን ከተማ ክልከላ አገደ። ከንቲባ ነፃነትን መገደብ የሚችለው በሕዝብ ጸጥታ ላይ እውነተኛ አደጋ ሲኖር ነው፣ ልብሱ ሰውን ስላስቆጣ ብቻ አይሆንም የሚል ነበር ሐሳቡ።

ቱርክንም አስታውሱ። ሙስሊም የሚበዛባት አገር ናት፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት ሒጃብ የለበሰች ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አትችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 መርቬ ካቫክቺ በሕዝብ ተመርጣ ፓርላማ ስትገባ ሻሿን ስላላወለቀች ቃለ መሐላ ሳትፈጽም ወጣች። "ዘመናዊ ቱርክ" የሚለውን ሥዕል አበላሸች ተብላ ነው።

አሁን ደግሞ ወዲህ ዙሩ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢራን ውስጥ ማህሳ አሚኒ የተባለች የ22 ዓመት ወጣት "ሒጃብሽ ትክክል አይደለም" ተብላ በሥነ ምግባር ፖሊስ ተያዘች፤ በእስር ላይ ሳለች ሕይወቷ አለፈ። ለካን ልጅ ያለቀስን፣ ለመርቬ ያለቀስን፣ ለአክሱም ልጆች ፕሮፋይላችንን የቀየርን ሰዎች ለማህሳ ምን አልን? ስንቶቻችን ዝም አልን? ስንቶቻችንስ "ለብሳ ቢሆን ኖሮ" አልን?

አበው "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" ይላሉ። ነፃነትንም ለራሳችን ስንቆርስ ትልቁን ገመስ፣ ለሌላው ፍርፋሪ እያደረግን ነው።

▪️ ወሎ ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል

ወንድሜ፣ የመጣህበትን ቤት ታሪክ አንብብ። በ1870 ዓ.ም በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ተነስ ተባለ። መኳንንቱ ተጠመቁ፤ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ። ሕዝቡ ምን አደረገ? ከፊሉ ተሰደደ፤ ከፊሉ እንደ ሼኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ካሉ ዑለማዎች ጋር ሆኖ ተቃወመ። ከፊሉ ደግሞ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ።

ያቺ ሦስተኛዋ ትምህርት ናት። ትእዛዝ የሰውን ልብስ ይቀይራል፣ ስሙን ይቀይራል፣ ማተብ ያስራል፣ ያስፈታል። ልቡን ግን አይነካም። ያ ሁሉ ሠራዊትና ያ ሁሉ አዋጅ አልፎ ወሎ ላይ አዛን ዛሬም ይሰማል። ግዳጅ ያላፈረሰውን እምነት ግዳጅ ሊያጸናው ይችላል ብሎ ማሰብ ከየት መጣ?

በቅርቡ ያለውንም እናውቃለን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ የሙስሊሙን እኩልነት የጠየቀው ሰልፍ ሲወጣ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ወጥተዋል። በ2004 በአወሊያ የተጀመረው ጥያቄ "ድምፃችን ይሰማ" ሆኖ አገር ሲያዳርስ የጥያቄው እምብርት ምን ነበር? መንግሥት የመረጠልንን አስተምህሮ በሥልጠናና በሹመት አይጫንብን፣ መሪዎቻችንን እኛው እንምረጥ የሚል ነበር። በዚያ ምክንያት ወንድሞቻችን ታስረዋል። ታዲያ ያ ሁሉ ዋጋ የተከፈለው የሚያስገድደን መንግሥት ቀርቶ የሰፈር ጎረምሳ እንዲያስገድደን ነው?

ደግሞ የቆቦ ሰው ትእዛዝ የጠገበ ሰው ነው። ከ2013 ክረምት ጀምሮ ጦርነቱ ከተማዋን ደጋግሞ ረግጧታል። በጳጉሜን 2013 ሰላማዊ ሰዎች በየደጃቸው ተገድለውባታል። ከዚያም ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። "በዚህ ሰዓት አትውጣ፣ በዚያ መንገድ አትለፍ፣ ባጃጅ አቁም" የሚል ትእዛዝ ከመሣሪያ አፍ ሲሰማ የኖረ ሕዝብ ነው። ይህን ሕዝብ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ሌላ አዛዥ ልንጨምርለት ከሆነ አላህን እንፍራ።

▪️ "በመልካም ማዘዝስ?"

አውቃለሁ፣ ይህ ጥያቄ ይመጣል። "በመልካም ማዘዝ ከመጥፎ መከልከል የዲናችን ግዴታ አይደለም ወይ?" ትላላችሁ። አዎ ነው። ማንም ሊሰርዘው አይችልም። ግን ግዴታ ሥርዓት አለው፤ ሶላትም ግዴታ ሆኖ ያለ ውዱእ አይሰገድም።

ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ኪታባቸው ስለዚሁ ጉዳይ በዝርዝር ጽፈዋል። ከመስፈርቶቹ ውስጥ ሦስቱን ብቻ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጥፋቱ ሳይሰለል በግልጽ የሚታይ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ዑለማዎች የተለያዩበት ጉዳይ ሳይሆን ጥፋትነቱ የታወቀ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ደረጃ አለው፤ ከማሳወቅና ከለስላሳ ምክር ይጀመራል፤ ሰው ሰብስቦና መሣሪያ ይዞ ወደ ማስገደድ የሚሄደው ነገር የማንም መንገደኛ ሥራ አይደለም።

በዚህ ሚዛን ራሳችንን እንመዝን። ፊት መሸፈን ግዴታ ነው ወይስ የተወደደ ነው በሚለው መዝሀቦች ለዘመናት ተነጋግረውበታል። በመውሊድና በመንዙማ ጉዳይ የወሎ መሻይኾችና የኛ ዘመን ዱዓቶች ተለያይተዋል። አንተ በሦስት ወር የቴሌግራም ቂርኣት የደረስክበትን አቋም ይዘህ አንዲትን ልጅ በአደባባይ የምታዋርደው በየትኛው መስፈርት ነው?

ስለ መሰለልም አንድ የታወቀ ታሪክ በኪታቦች ይተረካል። ዑመር (ረዐ) ሌሊት መዲና ውስጥ ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰሙ፤ ግድግዳ ዘለው ገቡና ሰውየውን ጥፋት ላይ አገኙት። ሰውየውም እኔ አንድ ጥፋት ብሠራ አንተ ሦስት ሠራህ አላቸው፤ ሰለልክ፣ በበሩ ሳይሆን በግድግዳ ገባህ፣ ሳታስፈቅድና ሰላምታ ሳታቀርብ ገባህ የሚል ነበር። ያ ዑመር ነው! ሸይጧን መንገድ የሚቀይርለት ሰው። ተቆጥተው ሰይፍ አልመዘዙም፤ ትተውት ወጡ።

ዛሬ ግድግዳው ስልክ ነው። ልጅቱ ካፌ ስትገባ ከሩቅ ፎቶ የሚያነሳት፣ ቪዲዮዋን ቲክቶክ ላይ "እቺን ተመልከቱ" ብሎ የሚለጥፈው፣ ስክሪንሾት አድርጎ ለወንድሟ የሚልከው፣ ሁሉም ግድግዳ ዘላይ ነው። "ለዲኔ ቀንቼ ነው" ይላል። ለዲኑ የቀና ሰው የሙእሚንን ነውር ይሸፍናል እንጂ በኢንተርኔት አይሰቅልም። አንዴ የተለጠፈ ቪዲዮ አይወርድም። ልጅቱ ተፀፅታ አላህ ቢምራት እንኳ ያንተ ፖስት አይምራትም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ቃዲው ተምሮ፣ ተሹሞ፣ መዝገብ ይዞ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳ "ፈቅደሻል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። መንገድ ላይ የቆመው ወጣት ግን ሳይጠይቅ ይፈርዳል። ከቃዲው የበለጠ ሥልጣን ማን ሰጠው?

▪️ "ታዲያ ሕግ ይጥፋ እያልክ ነው?"

አይደለም። እንዲያውም የራያን ቆላ የሚያውቅ ሰው ሕግ ይጥፋ አይልም።

ከምዕራቡ ተራራ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ወደ ቆቦ ሜዳ ይወርዳል። ገበሬው ያንን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን፣ ጤፉን ያጠጣል። ውሃው በተራ ነው። ተራህን አልፈህ ብትጠልፍ የታችኛው ሰው ማሳ ይደርቃል፤ የልጆቹ እንጀራ ይቀራል። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ማንም "ነፃነቴ ተነካ" አይልም። ምክንያቱም ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ላይ እኩል ይሠራል፤ ሕጉ የሚጠብቀውም የጎረቤትህን ማሳ ነው።

ቅሬንም እዩ። ለቀብር ያልመጣ ይቀጣል፣ መዋጮ ያልከፈለ ይጠየቃል። ጥብቅ ነው። ግን ገብተህበት ነው፤ ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ዳኛውን መርጠሃል፤ ቅር ካለህ ስብሰባ ላይ ተነስተህ ትናገራለህ። የሠርግ ወጪ ይቀነስ፣ ጥሎሽ ይቅለል ብለው የአገር ሽማግሌዎችና ዑለማዎች ቢመክሩ፣ ማኅበረሰቡም ቢስማማ መልካም ነው፤ ወጣቱ እንዲያገባ ያግዛል።

እንግዲህ የሕግ ጥብቅነት ራሱ ችግር አይደለም። ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦

አንድ፦ ሕጉ የሚከላከለው ጉዳት በማን ላይ ነው? የጎርፉ ሕግ የታችኛውን ገበሬ ይጠብቃል። የሻሿ ቀለም ማንን ጎዳ?

ሁለት፦ ያወጣው ማን ነው? ሥልጣኑስ ከየት መጣ? ተጽፏል ወይስ በጮኸ ሰው አፍ ነው ያለው?

ሦስት፦ ተቀጪው አቤት የሚልበት ቦታ አለው? በቅሬ አለ። በፍርድ ቤት አለ። በኮሜንት መንጋ ፊት ግን የለም።

በዚህ መመዘኛ የትምህርት ቤት ደንብም ይዳኝ። የደንብ ልብስ አንድ ቀለም ይሁን ቢባል ችግር የለም፤ ሒጃቡም በደንቡ ቀለም ይሁን፣ እንስማማ። የፈተና ቀን ማንነት ይጣራ ቢባልም ትክክል ነው፤ ሴት ፈታኝ ገለል ባለ ክፍል ፊቷን አይታ ታስገባት። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ይህን ሁለት ደቂቃ አልሰጥም ብሎ አሥራ ሁለት ዓመት የሚያቃጥል ግን ማንነት እያጣራ አይደለም።

▪️ ለሌላኛውም ወገን አንድ ቃል አለኝ

"ወሎ የፍቅር አገር" እያላችሁ የምትጽፉ ወገኖች፣ ፍቅሩ እውነት ነው። ራያ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፤ በለቅሶና በሠርግ አንድ ነን። አልሐምዱሊላህ፣ ይህን የሚያጠፋ አይሳካለት። ነገር ግን የዞብል ተራራን፣ የማሽላውን ማሳ፣ ሹሩባ የተሠራችውን ቆንጆ ለፖስተር ስትሰበስቡ ባለኒቃቧን ከሥዕሉ አውጥታችሁ አታስቀሩ። "ይህች የኛ አይደለችም" አትበሉ። የቆቦ ልጅ ናት። እናቷ ገበያ ላይ ጤፍ የምትሸጥላችሁ ናት። መቻቻል ማለት የሚመስለንን ሰው መውደድ ከሆነ ማንም ይችለዋል።

ነሐሴ 16 ሶለል ሲገባ ሴቶቹ ተውበው ሲወጡ ቆቦ እንዴት እንደምትደምቅ ታውቃላችሁ። በዓሉ ከፍልሰታ ጋር የተያያዘ ነው። ሙስሊሟ ትሳተፍ ወይ የሚለውን ዲናዊ ጥያቄ ዓሊሟን ጠይቃ መልስ ታገኛለች፤ እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። ግን ያልወጣችውን "አክራሪ" የሚላትም፣ የወጣችውን "ከሃዲ" የሚላትም አንድ ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ጭፈራውን ግዴታ ያደርጋል፣ ሌላው በተክፊር ይጫወታል። ከሁለቱም አላህ ይጠብቀን።

▪️ እና ምን እናድርግ?

ወሬ ብቻ እንዳይሆን በተጨባጭ ልንገራችሁ።

1. እህታችን በትምህርት ቤት በር ስትከለከል ክልከላውን በጽሑፍ ጠይቁ። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ደንብ እንደከለከለ መዝግቡ። ርእሰ መምህሩ፣ ከዚያ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ጎን ለጎን የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት። የአክሱም ልጆች ጉዳይ ፍርድ ቤት የደረሰው ሰው ተደራጅቶ ስለያዘው ነው። ስድብ ፍርድ ቤት አያስገባም።

2. ይህን ስታደርጉ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ አግዟት። ያመለጣትን የሚያስጠናት፣ ደብተር የሚያውሳት፣ ከቤተሰቧ ጋር የሚነጋገር ሰው ያስፈልጋታል። ቤቷ ተቀምጣ ስትቀር የሚያሸንፈው ክልከላው ነው።

3. ያለ ፈቃዷ የተነሳ የማንንም ሴት ፎቶ አትለጥፉ፣ አታስተላልፉ። ግሩፕ ውስጥ ከመጣ አድሚኑ ያጥፋው። ሰዎች ምን ይሉኛል የሚል አድሚን አድሚንነቱን ይተው።

4. ምክር ካላችሁ እንደ ምክር አድርጉት፦ ለብቻ፣ በለሰለሰ ቃል፣ ለሴት ሴት፣ ከሚያውቃት ሰው። ሐያእ በጩኸት አይማርም። ሒጃብን የወደደች ልጅ ሒጃብ ከምትለብስ ጓደኛዋ ጥሩ ነገር አይታ ነው የወደደችው።

5. ወንዶች ሆይ፣ ከሰው ልብስ በፊት የራሳችንን ዓይን። መጀመሪያ ዝቅ ይበል የተባለው እይታ የኛ ነው፤ ሱረቱ-ን-ኑርን ክፈቱና የመጀመሪያው ትእዛዝ ለማን እንደመጣ እዩ። አዳፍኔ ጫት ቤት ውሎ ዙህርና ዐስር ያለፈው ሰው መንገድ ላይ የሴት ቀሚስ ርዝመት ሲለካ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለሱ ነው።

ማጠቃለያዬ አጭር ነው። ለአክሱሟ ተማሪ "ምርጫዋ ነው" ካልን ለቆቦዋም "ምርጫዋ ነው" እንበል። አለበለዚያ ነገ አንድ ርእሰ መምህር "እናንተስ ታስገድዱ የለም ወይ?" ቢለን መልስ የለንም። መልስ ማጣታችን ደግሞ የሚከፈለው በኛ አይደለም። የምትከፍለው ደብተሯን አቅፋ በር ላይ የቆመችው ልጅ ናት።

የሚያስገድዱንን አላህ ይመልስልን፤ እኛንም ከአስገዳጆች አያድርገን። ለራያና ለመላው አገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። አንብባችሁ ከጨረሳችሁ ሼር አድርጉት፤ ከሁለቱም ወገን ላሉ ጓደኞቻችሁ።